ጨዋታው አይቋረጥም

ኑዌቮ ሳን ሉካስ፣ ጁን 6፣ 2011

ሄርሰን፣

ኤፕሪል 12፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ለአንድ ዓመቱ የገጠር አገልግሎት ምደባ ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠራ። «ሚሉስካ ቻምቢ፣ አዋላጅ፣ በውጤት ሦስተኛ።» አዳራሹ ውስጥ «አለሁ» የሚል አልተገኘም። ጸሐፊው ስሜ ላይ መስመር አሰመረና አራተኛዋን ጠራ። እሷም እኔ ስድስት ዓመት የተማርኩላትን ቦታ ወሰደች፤ ከእማማ ቤት በአንድ ሰዓት አውቶቡስ የሚደረስባትን የቺጓታ ጤና ጣቢያ።

በዚያ ሰዓት እኔ የት እንደነበርኩ ታውቃለህ። እማማ የሐሞት ኦፕራሲዮን በገባችበት በር ላይ ጫማዋን ይዤ ቆሜ ነበር። አንተ ደግሞ በውልና ማስረጃ የታተመውን ውክልናዬን በሸሚዝህ ኪስ ይዘህ ነበር። ከአንተ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «አለሁ» እና «ቺጓታ»።

ሆስፒታል ስትመጣ የነገርከኝን አልረሳሁም። ሹፌሮች አድማ መትተው፣ ድልድዩ ላይ ድንጋይና ጎማ ደርድረው፣ አንተ ከአውቶቡስ ወርደህ በእግርህ ሮጠህ፣ ስትደርስ አልቆ። ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቆ ነበር። አመንኩህ። ይባስ ብዬ አጽናናሁህ። «ያንተ ጥፋት አይደለም» ብዬ ማታ ቤት ሾርባ አሞቅኩልህ። በመጨረሻ ከተረፈው ስመርጥ የቀረው ይህ መንደር ነበር። ከአሬኪፓ በአውቶቡስ፣ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጀልባ አምስት ቀን። ስልክ የለም። የጤና ጣቢያው ሬዲዮ የሚከፈተው ለሚደማ ሰው ብቻ ነው። ደብዳቤ ሐሙስ ሐሙስ በዶን ሮይሰር ጀልባ ይመጣል፣ በዚያው ይሄዳል።

ባለፈው ሐሙስ ከደብዳቤ ጋር ዩዲት መጣች፤ አብራኝ የተማረችው፣ ከወንዙ በታች ያለው መንደር የደረሳት። ስለዚያ አድማ አወራሁላት።

«የምን አድማ?» አለች። «ሚሉ፣ እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ ነው። ወንድምሽ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው የኮምፒውተር ጌም ቤት ውስጥ ነበር። ሮጬ ሄጄ ጠራሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ዘወርም አላለ። ‹ጨዋታው አይቋረጥም› አለኝ። ‹አራት ሰው እኔን ተማምኖ ነው የተቀመጠው› አለኝ።»

አራት ሰው። ስማቸውን ታውቀዋለህ?

በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ስለ ጤንነትህ አልጠየቅኩም። ረስቼው አይደለም። እንድትመልስልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩዲት ዋሽታለች ወይስ አልዋሸችም? ይህን ደብዳቤ ለእማማ አታሳያት። ቁስሏ በወጉ ይዳን።

ሚሉስካ


አሬኪፓ፣ ጁላይ 3፣ 2011

ለተከበርሽው ሚሉስካ፣ የወንዞች ንግሥት፣ የትንኞች እራት፤

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። እማማ ደህና ናት። ድመቷም ደህና ናት፤ አዋላጅ አጥታ ብቻዋን አራት ወለደች። ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቅሻል። ባለ ዳቦ ቤቱ «እህትህ በአዞ ተበላች እንዴ?» ይለኛል፤ «አዞው ነው የሚያሳዝነኝ» እለዋለሁ።

ዩዲት አልዋሸችም። ይኸው ጻፍኩት። ግን ሙሉውንም አልነገረችሽም። ይህ ጨዋታ እንደ ካርታ አይደለም፤ ለሽንት እንኳ ቆዩኝ አይባልበትም። አምስት ለአምስት ነው። አንዱ ከተነሳ አራቱ ይሸነፋሉ፤ የተነሳው ስሙ ይጠፋና ማንም አብሮት አይጫወትም። ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ስደርስ ገና ሐኪሞቹን ነበር የሚጠሩት። «አዋላጆች ከአምስት ሰዓት በፊት አይደርሳቸውም» አለኝ ዘበኛው። አንድ ጨዋታ አርባ ደቂቃ ነው። አስልቼ ነው የገባሁት፣ ሚሉ። አንቺን ረስቼ አይደለም። ሰዎቹ ጠንካሮች ሆኑና ረዘመ። ዩዲት ስትመጣ መነሳት እንዳለብኝ አውቄ ነበር። እግሬ ግን አልተነሳም። ይህን እንዴት እንደማስረዳሽ አላውቅም።

አድማውን ደግሞ አስቤበት አልነበረም። አፌን ስከፍት አድማው ወጣ። አንቺ ስታምኚኝ እኔም አመንኩት። ሩጫው ግን እውነት ነበር፤ ከጌም ቤቱ እስከ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ እስከ ሆስፒታሉ ሮጫለሁ። ይቅርታ።

አስከትለሽ በላክሻት ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝ፤ ትምህርት ጥሩ ነው፣ ፈተና እየደረሰ ነው። እማማ ወደ ገበያ ተመልሳለች ወይ ላልሽው፣ ትንሽ ትረፍ ብለን ነው፤ አይቡን ዶኛ ፌሊሲታስ ትሸጥላታለች። በየቀኑ ትጫወታለህ ወይ ላልሽው፣ ኧረ በየቀኑ አይደለም። ሰው ሁሉ አንድ የሚያዝናናው ነገር አለው። አንዱ ይጠጣል፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ እኔ ይቺን። ከዚህ የባሰ ወንድም ያላቸው አሉ፤ የጎረቤታችንን ልጅ አስቢው።

የእማማ ሰላምታ ከታች አለ። እጇን ወለም ስላላት ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረጂባት።

ወንድምሽ ሄርሰን

ውድ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አታስቢ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እናትሽ።


ኑዌቮ ሳን ሉካስ፣ ጁላይ 28፣ 2011

ሄርሰን፣

እማማ በሕይወቷ «ውድ ልጄ» ብላኝ አታውቅም። «አንቺ ግትር» ነው የምትለኝ። «አታስቢ»ም አትልም፤ ስለ ሁሉም ነገር እንዳስብላት የምትፈልግ ሴት ናት። በሜይ የጻፈችልኝ ደብዳቤ እዚህ አጠገቤ አለ። መጀመሪያ ምን እንደምበላ ትጠይቃለች፣ ቀጥሎ ማን እንደሞተ ትነግረኛለች፣ ከዚያ ፀጉሬን እንዳልቆረጥ ታስጠነቅቀኛለች። ያንን ሰላምታ የጻፍከው አንተ ነህ። በግራ እጅህ ይመስለኛል።

እጇን ወለም ብሏት ቢሆን ለአንተ ትናገርና በስሟ ትጽፍላት ነበር። አልተናገረችም። ስለዚህ መናገር አትችልም፤ ስትሮክ መትቷታል። እዚህ ላይ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የፈጀብኝም ስላልገባኝ አይደለም። አሁን አንድ በአንድ መልስልኝ። የቱ እጇ ነው? አፏ ወደ የት ነው የዞረው? ስትውጥ ትን ይላታል? መቼ ነው የሆነው? ማን አገኛት? ከወደቀች ከስንት ሰዓት በኋላ?

ሌላም ነገር አለኝ። የጤና ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ አንድ ቅጽ አለ፤ ባሎቻቸው የሚጠጡ ሴቶች ሲመጡ እየጠየቅን የምንሞላው። ሰኞ ዕለት ከአንዲት ሴት ጋር እየሞላሁ ሳለ እስክሪብቶዬ ቆመ። «አንድ ብቻ ብሎ ጀምሮ ሳያቆም ይቀራል?» ብዬ ጠይቄያት፣ መልሷን ሳልሰማ የአንተን መልስ ነበር የምሰማው። መጠኑን ይደብቃል? የባሰባቸውን ሰዎች እየጠራ ራሱን ያጽናናል? የጎረቤታችንን ልጅ ጽፈህልኛል። ቀድሞ ይወደው የነበረውን ነገር ትቷል? ኳስ ትጫወት ነበር፣ ሄርሰን። ጉልበትህ ተልጦ እየተመለስክ እማማ ስትሰድብህ ትስቅ ነበር። መቼ ነው የተውከው? ማናችንም አላስተዋልንም። እማማ ሁልጊዜ «ስንት ሰዓት ቆየህ?» ነበር የምትልህ፤ አንተም ሰዓቱን ትቀንስላት ነበር። መጠየቅ የነበረብን ለጨዋታው ስትል ምን ምን እንደተውክ ነው።

ሴትዮዋ «ቀጣዩስ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ቅጹን በእጄ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ሙላው። በሁለቱም እጅህ ብትሞላው ግድ የለኝም፣ እውነቱን ሙላው።

ሚሉስካ


አሬኪፓ፣ ኦገስት 21፣ 2011

ሚሉ፣

ቀኝ እጇ ነው። ቀኝ እግሯም። አፏ ወደ ግራ ተስቧል። ስትውጥ ትን ይላታል፤ ሾርባውን በድንች አወፍረዋለሁ፣ ነርሷ አሳይታኛለች። አትናገርም፤ የምንለውን ግን ትሰማለች፣ ይገባታልም። የሆነው ጁን 21 ነው። ያገኘኋት እኔ ነኝ።

ከስንት ሰዓት በኋላ ላልሽው፣ ይህን መስመር አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስወጣ ድንች እየላጠች ነበር። «ለሾርባው ትደርሳለህ?» አለችኝ። «እደርሳለሁ» አልኳት። የተመለስኩት ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። ድንቹ ጠቁሮ ነበር። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ሐኪሙ «በሦስት ሰዓት ውስጥ አምጥተሃት ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ሰላምታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በግራ እጄ፣ እንዳልሽው። ከአጠገቤ ተቀምጣ ስጽፈው ታየኝ ነበር። ይቅርታ።

ዩኒቨርሲቲ መሄድ ካቆምኩ አንድ ዓመት አልፎኛል። ጠዋት ደብተሬን ይዤ እየወጣሁ ጌም ቤት ነበር የምውለው። እማማ ገበያ ላይ «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ስትል ዶኛ ፌሊሲታስ ታውቅ ነበር፤ ልጇ ከአጠገቤ ነው የሚቀመጠው። አንድም ቀን እውነቱን አልነገረቻትም። እንዴት እንዳስቻላት እንጃ።

ቅጹን ሞላሁት። መጠጥ የሚለውን እየሰረዝኩ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ አዎ ነው። አይደለም ያልኩት «ደስታ ይሰጠዋል?» የሚለውን ብቻ ነው። ድሮ ስናሸንፍ እንጮህ ነበር፣ ወንበር እንገለብጥ ነበር፣ ባለቤቱ በመጥረጊያ ያባርረን ነበር። አሁን ብናሸንፍም ብንሸነፍም እጄ ቀጣዩን ይጫናል። ካልተጫወትኩ ያደረግኩትን ማሰብ እጀምራለሁ። እንዳላስበው እጫወታለሁ። ስነሳ የማስበው ጨምሮ ይጠብቀኛል። ደስታው የቀረው መቼ እንደሆነ ብታውቂ ንገሪኝ፤ አንቺ ቀን አትረሺም።

የክርስትና አባቴ ዶን ኤውሎሂዮ ሊጽፉልሽ ነው። ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ። እኔ ነይ አልልሽም። እንደዚያ ለማለት የቀረኝ ፊት የለም።

ሄርሰን


ኑዌቮ ሳን ሉካስ፣ ሴፕቴምበር 15፣ 2011

ሄርሰን፣

እንደምን አለህ? ዛሬ ጠየቅኩህ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ወንዙ ዳር፣ ዶን ሮይሰር የሙዝ ዘለላ እስኪያወርዱ ድረስ ነው። «መጥፎ ወሬ ነው?» አሉኝ። «የቆየ ወሬ ነው» አልኳቸው። ስለ ድንቹ አትጠይቂኝ ስላልከኝ አልጠይቅህም። ሐኪሙ ያልጨረሰውን እኔም አልጨርሰውም።

ዶን ኤውሎሂዮ ጽፈውልኛል። «ልጄ ሚሉስካ፣ እሱ ወንድ ነው፣ የታመመ ማጠብና መቀየር አይችልበትም። ልጅ ነው፣ ገና አልበሰለም። ሴት ልጅ ያላት እናት እንዴት በወንድ እጅ ትወድቃለች? ዓመቱን ብትተዪው ምን ይቀርብሻል?» ብለዋል። የሚቀርብኝን ዘርዝሬ መለስኩላቸው። አራት ወር ሠርቻለሁ፤ ካቋረጥኩ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፣ የመንግሥት ሆስፒታል ደጅ አልረግጥም፣ እማማ ስድስት ዓመት በብርድ ተቀምጣ አይብ እየሸጠች ያስተማረችኝ ለከንቱ ይሆናል። «እሱ ልጅ ከሆነ እኔ በእሱ ዕድሜ ስንት ሕፃን አዋልጄ ነበር?» ብዬም ጨምሬያለሁ። ይቆጡ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ተተኪ ሲገኝ ተባልኩ። ተተኪ የለም። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከጣሪያው የወረደውን ገመድ ይዛ ቆማ ወለደች፤ እዚህ ተኝቶ መውለድ አይወዱም። ሕፃኑን ተቀብዬ እትብቱን ሳልቆርጥ ቆየሁ። አያቲቱ «ዶክተር፣ መቀስ ልስጥሽ?» አለችኝ። እማማን ማን እየገለበጣት ይሆን እያልኩ ነበር።

ስለዚህ እስከ ሜይ እዚህ እቆያለሁ። እማማ በአንተ እጅ ናት። ይህን የምጽፈው አምኜህ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጣት። ጀርባዋ ላይ ቀይ ቦታ ካየህ በዚያ በኩል አታስተኛት። ስታበላት ቀና አድርገህ አስቀምጣት። ስታናግራት ፊቷን እያየህ፣ እንደ ሕፃን ሳታደርጋት። በየሳምንቱ ጻፍልኝ። ከተጫወትክ «ተጫወትኩ» በል። እሱን መስማት እችላለሁ።

ደስታው መቼ እንደቀረ ጠይቀኸኛል። አላውቅም። መቼ እንደተጀመረ ግን አውቃለሁ። አሥራ አራት ዓመትህ ነበር፤ እኔ ለመግቢያ ፈተና አጠና ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ አንተ ደግሞ ዝም አትልም ነበር። የመጀመሪያውን የጌም ቤት ሳንቲም የሰጠሁህ እኔ ነኝ። «ሂድና እስከ ማታ አትምጣ» አልኩህ። ፈተናውን አለፍኩ። ይህን ሰዎች ሲያመሰግኑኝ አልናገርም።

እህትህ ሚሉስካ


አሬኪፓ፣ ኦክቶበር 23፣ 2011

ሚሉ ግትሯ፣

እንደምን ከረምሽ? ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀኔ ነው። ያቆምኩት ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ በፊት ነው፤ እንድታውቂልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ጠዋት ከጌም ቤት ስገባ እማማ ድንች በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ በግራ እጇ ልትልጥ ስትታገል አገኘኋት። ቢላዋውን ተቀብያት ላጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሄድኩም።

ጀርባዋ ንጹህ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ። በዱላ ከአልጋው እስከ በሩ ትራመዳለች፤ እኔ ከኋላ ቀሚሷን ይዤ። እሑድ እሑድ የአዶቦ ወጥ በዳቦ እንበላለን፤ ሥጋውን አድቅቄላት። የጌም ቤቱ ልጆች በር ላይ መጥተው ያፏጫሉ። «ሄርሰን፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ?» ይሉኛል። «ጡረታዬን አስከብሬያለሁ» እላቸዋለሁ። እየሳቁ ይሄዳሉ። እነሱ ከሄዱ በኋላ እጄን ለአንድ ሰዓት ያህል የት እንደምጥለው አላውቅም። ልብስ አጥባለሁ። ንጹሑንም አጥባለሁ።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ረቡዕ ዕለት እግሯን እያሸሁላት «ግትር» አለች። ጥርት አድርጋ። ለአንቺ ይሁን ለእኔ አልገባኝም፤ ግን ተናገረች። ስስቅ እሷም በግማሽ አፏ ሳቀች።

ሳንቲሙን ስለሰጠሽኝ አትጨነቂ። የሰጠሽኝ አንድ ቀን ነው። የቀሩትን ስምንት ዓመታት የሄድኩት በራሴ እግር ነው።

ሄርሰን


አሬኪፓ፣ ኖቬምበር 27፣ 2011

ሚሉ፣

አራት ሳምንት አልጻፍኩልሽም። ሐሙስ ሐሙስ ባዶ እጅሽን ከወንዙ እንደተመለስሽ አውቃለሁ። ይቅርታ። በደብዳቤው ሁሉ ይቅርታ ልል ነውና ካሁኑ ልመጂው።

ከተጫወትክ «ተጫወትኩ» በል ብለሽኛል። ተጫወትኩ። በኖቬምበር 2፣ በሙታን ቀን፣ ከአባባ መቃብር ተመልሰን፣ እማማ ስትተኛ፣ «ግማሽ ሰዓት ብቻ» ብዬ ወጣሁ። አርባ አራት ቀን ችያለሁ፣ ስለዚህ ሱስ አልነበረም፣ እንደማንኛውም ሰው መጫወት እችላለሁ አልኩ። ሰባት ሰዓት ቆየሁ። ስመለስ ነቅታ በሩን እያየች ነበር። ጉልበቷ ላይ ራሴን ደፍቼ ዳግም ብቻሽን አልተውሽም ብዬ ማልኩላት።

መሐላዬን ጠበቅኩ። ይዣት መሄድ ጀመርኩ።

ኮፍያዋን አድርጌላት፣ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ ደርቤላት፣ ከአጠገቤ ባለው ወንበር አስቀምጣታለሁ። ባለቤቱ የመጀመሪያ ቀን ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎን ከየትኛው ቡድን ላስገባዎት?» አላት። ልጆቹ ወደዷት። ብስኩት ይሰጧታል፤ ስናሸንፍ ደህናውን እጇን ይጨብጧታል። እኔም ጥሩ ዘዴ መሰለኝ፣ ሚሉ። እውነቴን ነው። ብቻዋን አልተውኳት፣ ሰው አገኘች፣ እኔም ተጫወትኩ። ልጽፍልሽ ሁሉ አስቤ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ ፈታሁት ብዬ። ዘጠኝ ጊዜ ሄደናል።

በኖቬምበር 18፣ ከተቀመጥን አምስት ሰዓት ሲሆነን፣ እጅጌዬን ጎተተችኝ። ምን እንደፈለገች አውቄያለሁ። ሌላ ነገር መሰለኝ ብዬ ልዋሽሽ እችል ነበር፤ አውቄያለሁ። «አንዴ፣ እማዬ፣ ሊያልቅ ነው» አልኳት። ደግማ ጎተተችኝ። እጅጌዬን መነጨቅኳት። ከዚያ በኋላ አልጎተተችም።

አሸነፍን። ከአጠገቤ ያለው ልጅ አፍንጫውን ያዘ፣ ሌላው መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ማን እንደሆነች ሲያይ አቆመ። ብርድ ልብሱ ረጥቦ ነበር። ወንበሩም፣ ወለሉም። እማማ ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ አውርዳው ነበር። ባለቤቱ መወልወያ አመጣ። «ስጠኝ» አልኩት። አልሰጠኝም። «አንተ እሷን ውሰዳት» አለኝ።

ወስጄ አጠብኳት። ፊቷን አዞረችብኝ። እስከዛሬ ስንት ጊዜ አጥቤያታለሁ፣ ፊቷን አዙራብኝ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ይህን አንብቢ፤ መጻፍ የከበደኝ እሱ ነውና። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። እሷን ዶኛ ፌሊሲታስ ጋ አስቀምጬ፣ ሌላ ጌም ቤት፣ ማንም የማያውቀኝ ሰፈር። ያንን ካደረግኩ በኋላ፣ በማግስቱ። እየሄድኩ «ምን ዓይነት ሰው ነው አሁን የሚሄደው?» እያልኩ ነበር፤ እግሬ ይሄዳል። ያንቺ ቅጽ ያልነገረኝን ያ መንገድ ነገረኝ። ሱሰኛ ነኝ። ይህን ቃል ስለ ራሴ ጽፌው አላውቅም። ትንሽ ቃል ነው ለካ።

ምን ላድርግ? ይቅርታ፣ ሚሉ። እማማም ይቅር ብላኛለች፤ ሳያት ይታወቀኛል።

ሄርሰን


ኑዌቮ ሳን ሉካስ፣ ዲሴምበር 22፣ 2011

ሄርሰን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህ ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ። እዚያው ጀልባ ላይ ተሳፍሬ አንድ ቀን ሙሉ ወርጄ፣ ስልክ ያለበት ከተማ ገብቼ፣ ሞሌንዶ ለምትኖረው ለአክስታችን ለፓውላ ደወልኩላት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። አፍሬብህ ነበር፤ አንተ እንደዚህ መሆንህን ሰው ከሚሰማ እማማን ባንተ እጅ መተው መረጥኩ። የእኔ ጥፋት ይህ ነው። ከሳንቲሙ ይበልጣል።

ቤት ስትመለስ ባዶ እንዳገኘኸው አውቃለሁ። አክስቴ ቅዳሜ መጥታ ወስዳታለች። በሁለተኛው ስልክ የነገረችኝን እነግርሃለሁ፤ ማወቅ ያለብህ ይመስለኛል። እማማ በደህናው እጇ የበሩን መቃን ይዛ አልለቅም ብላ ነበር። ታክሲው አርባ ደቂቃ ቆመ። አክስቴ መጀመሪያ መሄድ ያልፈለገች መስሏት ነበር። ከዚያ እማማ ወደ መንገዱ ጥግ ስትመለከት አይታ ገባት። አንተን ነበር የምትጠብቀው። አልመጣህም። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቃ አሳፈረቻት። እኔን ጠርታኝ ታውቅ እንደሆነ አክስቴን ጠይቄ ነበር። «አንቺን እኮ ታውቅሻለች፣ አትሰጋብሽም» አለችኝ። ደግ ሴት ናት።

ምን ላድርግ ብለሃል። በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አክስቴ አድራሻ ትታልሃለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የማገገሚያ ቤት ነው፤ የሚጠጡም፣ የሚቆምሩም፣ እንዳንተ ያሉም አሉበት። የምትሄድ ከሆነ በራስህ እግር ትሄዳለህ። እኔ አልወስድህም፣ ዶን ኤውሎሂዮም አይወስዱህም፤ ሂጂና አስገቢው እንዳይሉኝ ጽፌላቸዋለሁ።

ቃሉን ስለጻፍከው አመሰግንሃለሁ። ስምንት ዓመት ማናችንም አልደፈርነውም ነበር፤ ትምህርት ነው አልን፣ ጨዋታ ነው አልን፣ ወጣትነት ነው አልን። አንተ ደፈርከው። ማወቅህ ግን ማቆም እንዳልሆነ አንተው ራስህ በማግስቱ አሳይተኸኛል። እወድሃለሁ። ይህንንም ጻፍኩት፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ከጥላቻ እንዳትቆጥረው።

ዕድልሽ ነው እዚህ የጣለሽ ቢለኝ ከማንም አልቀበልም፤ እዚህ የጣልከኝ አንተ ነህ፣ የምጨርሰው ግን እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው ልጅ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። ሴት ስለሆንኩ አንተ የጎዳኸውን ሁሉ ተመልሼ እንድጠግን አልቀበልም። እናታችን ፊቷን አዙራብህ ሳለ ይቅር ብላኛለች ስትለኝ አልቀበልም፤ መናገር ስትችል ራሷ ትናገረው። ይቅርታህንም ከእንግዲህ አልቀበልም። በተቀበልኩት ቁጥር ቀለል ይልሃል፣ ቀለል ሲልህ ተነስተህ ትሄዳለህ። ሞሌንዶ የምትመጣው ጨዋታውን አንድ ዓመት ሙሉ ካቆምክ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ደጃፉ ላይ ብትቆም አክስቴ እንድትከፍትልህ አልቀበልም። የእማማም ሆነ የእኔ ዕድሜ አንተን ሲጠብቅ እንዲያልቅ አልቀበልም።

ሚሉስካ